«አትነግዱበት» የተባለው ጫካ

ከመንደሩ በላይ ያለውን የዝግባ ጫካ የአገሩ ሰው «አትነግዱበት» ይለዋል። እንግዳ ሲሰማው የገበያ ክልከላ ይመስለዋል እንጂ ስሙ የወጣው ከአንዲት እናት አፍ ነው፤ ነገሩም የተነሣው በዛፎቹ ላይ በሚኖሩት እስስቶች ሰበብ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን አገሩን የሚገዙት ግራዝማች እንግዳሸት አዲስ አዳራሽ ሊያሠሩ አስበው ዓይናቸውን በዝግባው ላይ ጥለው ነበር፤ ጫካው የጋራ ነውና ሕዝቡ እሺ አላላቸውም። በዚህ መካከል አንድ ልጃቸው ማንደፍሮ ሞተ። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ግራዝማች ሕዝቡን ጫካው አፍ ላይ ሰብስበው፣ «ልጄን የጨረሰው የእስስት መርዝ ነው፤ ነገ ደግሞ የእናንተ ልጆች ተራ ነው። ማደሪያው ካልጠፋ እሱም አይጠፋም» አሉ። ሰው ፈራ። ወንዶቹ መጥረቢያ አነሡ፤ አንዳንዱም ቅርንጫፍ ላይ ያገኘውን እስስት በዱላ ይቀጠቅጥ ጀመር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታክቱ ሐዘን ላይ ተቀምጠው ሳለ የመጥረቢያውን ድምፅ ሰሙ፤ ቢጠይቁ አልቃሾቹ ነገሩን አጫወቷቸው። ያን ጊዜ እንባቸው ደርቆ ደማቸው ፈላ ይባላል። ልጁን በወባ ወራት ግብር ሊያስገባ ቆላ የላኩት አባቱ ነበሩ፤ እናት «ይቅር፣ ወራቱ ክፉ ነው» ብለው ቢለምኑ የሰማቸው አልነበረም፤ ልጁም የተመለሰው በበቅሎ ላይ ሰው ደግፎት፣ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ወጥተው ሕዝቡን ሰንጥቀው ገቡ፤ ከአንዱ ዝግባ ላይ እስስት አንሥተው ክንዳቸው ላይ አኖሩት። ሴቶቹ ጮኹ። እስስቱ ቀስ እያለ ወደ ትከሻቸው ወጣ።

«ግራዝማች፣ ልጄን የገደለው ይህ ነው?»

ግራዝማች እስስቱን ሸሽተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ይኸው፣ እኔንም ይግደለኝ! ልጄን ያነደደው የቆላ ወባ ነው፤ የላኩትም እርስዎ ነዎት። እንጨት ካማረዎ እንጨት አማረኝ ይበሉ!» አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እናንተም ብትሆኑ፣ ይህ የልጄ ሞት ነው፤ አትነግዱበት!»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እስስቱን እንደተሸከሙ ቆሙ፤ አንዳች አልነካቸውም። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ መጥረቢያውን ጣለ፤ ከዚያ ሌላውም አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ሄደ። አዳራሹ ሳይሠራ ቀረ። ወይዘሮ ይታክቱም ከዚያ ቀን ወዲያ ከግራዝማች ጋር አንድ ገበታ ሳይቀርቡ ወደ አባታቸው አገር ገቡ ይባላል።

ዛሬም መጥረቢያ የያዘ ሰው ወደዚያ ሲያቀና ያዩ ሽማግሌዎች አይቆጡትም፣ አይለምኑትም፤ የጫካውን ስም ብቻ ይጠሩለታል።