የሥራ አስኪያጁ ንግግርና አዲሱ መስመር

ንግግር ጀምረው መቋጫው የሚጠፋባቸው አንድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ደግነቱ፣ የተናገሩትን ሁሉ ለቅርንጫፎች የሚያደርሰው ጸሐፊያቸው ነበር፤ እሱም እያቃና ነው።

ድምፅ የተጫነበትን የማይክሮዌቭ ሞገድ ሳያዛባ እስከ ቅርንጫፎቹ የሚያደርስ የፋይበር ገመድ መስመር የተመረቀ ዕለት ግን፣ «ዛሬስ ራሴ ነኝ!» ብለው በቀጥታ እስኪበቃቸው ተናገሩ። ከየቅርንጫፉ የመጣው መልስ አንድ ሆነ፤ «ምንም አልገባንም።»

ሥራ አስኪያጁ ቱግ ብለው መስመሩን የዘረጋችውን ሠራተኛ አስጠሩ።

«ንግግሬን መንገድ ላይ ያበላሸውን አሁኑኑ ካላሳየሽኝ ተባረሻል!»

እንጀራዋ አደጋ ላይ እንደሆነ ገብቷታል፤ ምላሷን ግን መቼ ችላው ታውቃለች!

«ጌታዬ፣ መንገድ ላይ የነካው የለም፤ ከአፍዎ እንደወጣ ነው የደረሰው» አለች። «ገመዱም አይፈረድበትም። አዲስ ቅጥር ነው፤ እርስዎን መፍራት ገና አልለመደም።»