ይርገዱ አንዲት ክፍል ስትፈልግ

ወሬስ ባገኘው አፍ ያድራል፤ ሰው ግን ጣሪያ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይርገዱ የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች። የቤቷ ኪራይ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተጨመረ፤ እንደምንም ቻለችው። በሦስተኛው አልቻለችምና ዕቃዋን አወጡባት። ከዚያ ወዲህ የምታድረው የተዘጋ ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የኅዳር ውርጭ ሲጀምር የምትፈልገው አንዲት ክፍል ብቻ ሆነ።

ክፍሏስ አለች፤ እትዬ ማንያህልሻል ጓሮ። ሌላው አከራይ ሁሉ አቅሟ የማይደርስበትን ዋጋ ሲጠራ፣ እሳቸው ግን፣ "ከምታገኚው የሚሆንሽን ትሰጪኛለሽ" አሏት። "ብቻ ልብስ ሰፊው ክንዴ አለባት። እሱ ይልቀቅና ግቢ።"

ይርገዱ ወደ ክንዴ ሄደች።

"ክንዴ፣ አንተ ካልወጣህ ክፍሏ አትለቀቅም፤ ክፍሏ ካልተለቀቀች እኔ ደጅ ነኝ።"

"ዛሬ ብወጣ ደስ ባለኝ" አለ ክንዴ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። "ከተማው ጫፍ የሠራኋት ቤት በር የላትም። መኪናዬን ለሌባ ልስጥ? ውብሸት በሩን ይበይድልኝና እወጣለሁ።"

ወደ በያጁ ወደ ውብሸት ሄደች።

"ውብሸት ወንድሜ፣ አንተ በሩን ካልበየድህ ክንዴ አይወጣም፤ ክንዴ ካልወጣ ክፍሏ አትለቀቅም፤ ክፍሏ ካልተለቀቀች እኔ ደጅ ነኝ።"

"ብረቱን ቆርጬ አስቀምጫለሁ፣ እትዬ። መብራት ከጠፋ ግን ሦስት ሳምንቱ ነው። በምን ልበይደው? የመስመር ሠራተኛውን ያነጋግሩ።"

የመስመር ሠራተኛውን ምሰሶ ሥር አገኘችው።

"ልጄ፣ አንተ መስመሩን ካልቀጠልህ ውብሸት በሩን አይበይድም፤ በሩ ካልተበየደ ክንዴ አይወጣም፤ ክንዴ ካልወጣ ክፍሏ አትለቀቅም፤ ክፍሏ ካልተለቀቀች እኔ ደጅ ነኝ።"

ሠራተኛው ወደ ላይ አሳያት። የትልቅ ጥድ ቅርንጫፍ ሽቦው በሚያልፍበት ላይ ተዘርግቷል። "እሱ ሳይቆረጥ ብቀጥለው በማግስቱ ይበጥሰዋል፣ እናቴ። የዛፉ ባለቤት ጋሽ ሽብሩ ደግሞ መጋዝ ይዘን ስንመጣ አባረሩን።"

ጋሽ ሽብሩ ደጃፋቸው ላይ፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው።

"ጋሼ" አለች ይርገዱ፣ "ቅርንጫፉ ካልተቆረጠ ሠራተኛው መስመሩን አይቀጥልም፤ መስመሩ ካልተቀጠለ ውብሸት በሩን አይበይድም፤ በሩ ካልተበየደ ክንዴ አይወጣም፤ ክንዴ ካልወጣ ክፍሏ አትለቀቅም፤ ክፍሏ ካልተለቀቀች እኔ ደጅ ነኝ።"

ሽማግሌው እስክትጨርስ ጠበቁ።

"የጎረቤቴን ግቢ እንዴት እንደወሰዱት አይቻለሁ" አሉ። "መጀመሪያ አጥሩን ነው ያሉት። ቀጥሎ ማድቤቱን። ኋላ ቤቱን። እኔም ዛሬ ቅርንጫፉን እሺ ካልኩ ነገ ግንዱን፣ ከነገ ወዲያ እኔን ነው።"

ይርገዱ አይዞዎት አላለቻቸውም። ከፍራሿ ጋር መንገድ ላይ የቆመችበት ጠዋት ትዝ አላት። አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

"የነገውን እኔም አላውቅም፣ ጋሼ። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ግን ግንዱን ይዤ እቆማለሁ። ከቅርንጫፉ አልፈው ወደ ግንዱ የመጡ እንደሆነ መጀመሪያ የሚያገኙት እኔን ነው።"

ጋሽ ሽብሩ አዩዋት።

"የት ነው የምታድሪው?"

"ወፍጮ ቤቱ በረንዳ።"

"እዚያ ይበርዳል።"

"ይበርዳል።"

"እንግዲያ የመስመሩን ሰውዬ ጥሪው" አሉ።

ይርገዱ ግንዱን አቅፋ ቆመች፤ መጋዙ ከራሷ በላይ ሠራ። አንድ ቅርንጫፍ ወደቀ፤ ግንዱን የነካ የለም። ቅርንጫፉ ቢቆረጥ ሠራተኛው መስመሩን ቀጠለ፤ መስመሩ ቢቀጠል ውብሸት በሩን በየደ፤ በሩ ቢበየድ ክንዴ መኪናውን አሸክሞ ወጣ፤ ክንዴ ቢወጣ ክፍሏ ተለቀቀች፤ ክፍሏ ብትለቀቅ እትዬ ማንያህልሻል ቁልፉን ለይርገዱ ሰጧት።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ፍራሽ ከተዘረጋ መቆሚያ እንኳ በጭንቅ ነው የሚተርፈው። ይርገዱ ገባች። ስምንት ወር ሙሉ የምትዘጋው በር አልነበራትም። ከውስጥ ቀረቀረችው። ቆየት ብላ ከፈተችው፤ እንደገናም ቀረቀረችው።