እጅ የገባበት አምፕሊፋየር

አንድ ሰው ነበረ፤ ለሰርግም ለለቅሶም ድምፅ ማጉያ እያከራየ ቤቱን የሚያስተዳድር። ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ነገር ቶሎ አይገባውም።

ይህ ሰው ያገለገለ አምፕሊፋየር ገዛ። ሻጩም የዋስትናውን ወረቀት ሰጠውና «ገና ስድስት ወር ይቀረዋል። ዋስትናው ከዕቃው ጋር ነው የሚሄደው። አንድ ነገር ቢሆን በቀጥታ እኔ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ውሰደው» አለው። በቀጥታ ነው ያለው፤ ልብ በሉልኝ።

የወንድሙ ልጅ ልትዳር ነው። «የድምፁን ነገር ለእኔ ተዉት» ብሎ በዘመድ ፊት ቃል ገብቷል። ሰርጉ ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ዕለት አምፕሊፋየሩ ጭው ብሎ መጮህ ጀመረ። ታዲያ ወዴት መሄድ ነበረበት? ወደ ሱቁ! እሱ ግን ግራ ገባው፤ አፈረም። «ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኔ አይደለም። ያገለገለ ገዝተህ እኛን ምን አገባን ቢሉኝስ?» አለ።

ጎረቤቱን አቶ ጌጡን ጠራ። ጌጡ ካቻቪቴውን ይዞ ከች! «ይሄማ አቧራ ነው» ብሎ ፈታው፤ ጠረገው፤ ጩኸቱ ባሰበት። ቀጥሎ የሚስቱ ወንድም መጣ። «ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» ብሎ እሱም ፈታው፤ በየደው። ይኼኔ ድምፁ ጭራሽ ጠፋ።

ዓርብ ጠዋት ሱቅ ሄደ። የሱቁ ሰው ዕቃውን ገለበጠና ብሎኑ ላይ የተለጠፈችው የዋስትና ስቲከር መቀደዷን አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ እጅ ገብቶበታል።»

«ጊዜው አላለፈም እኮ! ወረቀቱ ይኸው!»

«ጊዜው አላለፈም። ስሙም ችግር የለውም፣ ዕቃውን የያዘ ሰው መብቱ ነው። ግን ስቲከሩ ከተቀደደ ዋስትናው አይሸፍንም። እንዳለ ቢያመጡት በነጻ እንሠራልዎ ነበር።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ቆመ። «ዋስትና ለተበላሸ ዕቃ አይደለም እንዴ?»

«ለተበላሸ ነው ጋሼ። ለነካኩት አይደለም።»

አሁንም ግራ ገባው። ቅዳሜ ሙሽራዋ በጭብጨባ ብቻ ገባች። እሱ ከድንኳኑ ጀርባ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር።

ወገኖቼ፣ በሰውየው አትሳቁ! ትዳራችሁ ጭው ማለት ሲጀምር መጀመሪያ ወደ ማን ሮጣችሁ? ልባችሁ ሲሰበር ስንት ካቻቪቴ ገባበት? ጓደኛ ፈታው፤ ዘመድ በየደው። ወደ ፈጠራችሁ ለመሄድ ግን «በምን ፊቴ?» አላችሁ። የሰው ነገር አይገርማችሁም? ጌጡን ያላፈርን ሰዎች እግዚአብሔርን እናፍራለን!

እዚህ ላይ ግን ምሳሌዬ ይበቃዋል፤ አምላካችንን ከሱቁ ሰው ጋር አላወዳድርም። እሱ ስቲከር አያይም። ቢያይማ ማን ይተርፍ ነበር? ከመካከላችን እጅ ያልገባበት ማን አለ? ሰው የነካካውን፣ ራሳችን ያበላሸነውን፣ ብሎኑ የጠፋውን ሁሉ «አምጡት» ይላል።

ያ ሰው ወረቀቱን ይዞ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባው ነው። እናንተ ግን ዛሬ ተነሱ፤ ቅዳሜ ሳይደርስባችሁ። ሌላ ሰው ደግሞ ሳይፈታው፣ ልባችሁን እንዳለ ይዛችሁ ወደ አምላካችሁ ግቡ።