ቁርስ ወይስ ዕድሜ

አንድ ቀን፣ ሰኞ ጠዋት መሆኑ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ የልብስ ስፌት ቤት ያላቸው ጋሽ ልሳነወርቅ ስልካቸው ላይ ባዩት ቪዲዮ ተመርተው የሠራተኞቻቸውን ቁርስ ሰረዙ።

ጋሽ ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም። እጃቸው ትንሽ ይጠብቃል እንጂ። ስስታም ማለት ነውር ነውና እኛም ቆጣቢ እንበላቸው። ስፌት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ግን አንድ የማይቀር ልማድ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከጎረቤት ምግብ ቤት ፉል ከነዳቦው ይመጣል፣ ሠራተኛውም የስፌት መኪናውን አቁሞ ይበላል። ያን ሰኞ በፉሉ ፈንታ ራሳቸው ጋሽ ልሳነወርቅ ሆዳቸውን መታ መታ እያደረጉ መጡ።

«ስሙኝማ! ይሄ ቁርስ የምንለው ነገር ለካ በሽታ ኖሯል። ከእንግዲህ ከቀኑ ሰባት ሰዓት በፊት እዚህ ቤት እህል አይቀመስም። ማታም ሦስት ሰዓት ሲሆን አፍ ይዘጋል። አሥራ ስድስት ሰዓት መጾም፣ ስምንት ሰዓት መብላት! ሳይንስ ነው! እኔ በሦስት ሳምንት ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጥብቄያለሁ።»

ጨርቅ የምትቆርጠው ጥሩወርቅ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ረቡዕና ዓርብ የምጾመው ለእግዚአብሔር ነው። ሰኞን ለማን ብዬ ልጹም?»

«ለጤናሽ ነዋ!»

«ጤናዬማ ቁርስ ለምዷል።»

ሰፊዎቹ ሳቁ። ፉሉ ግን አልመጣም።

ጥሩወርቅ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለቱን ያሳለፈችው እዚያው ቤት ቆማ ስትቆርጥ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያችው መቀስ ነው። የጋሼ ሳይንስ ደግሞ ክፉ ጊዜ ላይ ደረሰባት። የወር አበባዋ አንድ ወር መጥቶ ሁለት ወር የሚጠፋበት፣ ጠቅልሎ ሊሰናበታት ደጅ ደጁን የሚያይበት ወቅት ነበር። ድንገት ከደረቷ ሙቀት ይነሳና አንገቷን አልፎ ፊቷን ያቀላዋል፤ ላብ ያጠምቃታል። ሆዷ ባዶ መዋል ሲጀምርማ ባሰ። አራት ሰዓት ላይ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ራሷን ያዞራታል፣ የያዘችው ነገር ይጠፋባታል፣ ያለ ምክንያትም ትቆጣለች።

የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም የታወቀ ነው። ሰዉ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ጥርሱን ሲያንገጫግጭ እሷ ተነስታ መስኮት ትከፍታለች። ጋሽ ልሳነወርቅ ይዘጋሉ። ትከፍታለች። ይዘጋሉ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ነደድኩ ጋሼ!»

«እሰይ! ስቡ እየነደደ ነው!»

እንዲህ ናቸው እንግዲህ። አዞረኝ ስትላቸው «መርዙ እየወጣ ነው» ይላሉ። ስትቆጣ «ሰውነትሽ እየተለማመደ ነው።» ፀጉሬ ረገፈ ስትላቸው እንኳ «አሮጌው ወጥቶ አዲስ ሊበቅል ነው» አሉ። ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ሰው አያድርስ ነው።

ጥሩወርቅ በበኩሏ የቻለችውን አደረገች። ሹራቧን ትታ በስስ ሸሚዝ መጣች፤ ውሃ በጠርሙስ ከጎኗ አኖረች፤ በተፈቀደላት ሰዓትም እንቁላልና ባቄላ እያለች ጠንከር ያለ ነገር በላች። አልሆነም። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ መርምራ፣ «ሙቀቱ የማረጫ ዕድሜሽ ስለ ደረሰ ነው። ማዞሩና መንቀጥቀጡ ግን ከባዶ ሆድም ሊሆን ይችላል» አለቻት። ጥሩወርቅ ተንኮል አታውቅምና የሰማችውን እንደ ወረደ ለጋሼ ነገረቻቸው። እሳቸውም ከነገረቻቸው ግማሹን ብቻ ሰሙ።

«ዕድሜ ነው ተባልሽ አይደል? አላልኩሽም?»

ነገሩ በዚህ እንዳለ በሌላ ሰኞ አቶ እንግዳሸት የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ ለልጃቸው ሠርግ ያዘዙትን ኮት ሊለኩ መጡ። ግራ እጃቸውን አስገቡ፤ ደህና። ቀኝ እጃቸውን ሲያስገቡ ክርናቸው ወደ ውጭ፣ መዳፋቸው ወደ ኋላ ዞረ። ኮቱ ሁለቱም እጅጌው የግራ ነው! ጥሩወርቅ ጨርቁን ሳታገላብጥ ቆርጣዋለች፤ የሰፋውም ሰው ቁርስ አልበላም ነበርና ሳያይ ገጥሞታል።

ጋሽ ልሳነወርቅ እንደ በርበሬ ቀሉ።

«ጥሩወርቅ! ይኸው ዳኛ ባሉበት ልጠይቅሽ። ከጾሙ ነው እንዳትይኝ! በሁዳዴ ሃምሳ አምስቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምሽ አንዲት እጅጌ አበላሽተሽ አታውቂም። ስለዚህ ጾሙ ነጻ ነው፤ ጥፋተኛው ዕድሜሽ ነው። ዕድሜ ከሆነ ደግሞ እኔ ምን ላድርግ? ቤትሽ ገብተሽ እረፊ፤ ከነገ ጀምሮ ወጣት ቆራጭ አስገባለሁ። የለም፣ ዕድሜዬ አይደለም የምትይ ከሆነ ደግሞ አስረጂ!»

መኪናው ሁሉ ቆመ። ጥሩወርቅ በጣም ደነገጠች። የሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዋ በሁለት እጅጌ ሊሄድ ነው። ያ ሙቀትም ሌላ ጊዜ ያጣ ይመስል በዚያችው ደቂቃ ተነሳባት። ግንባሯን በመሐረቧ ጠረገችና መስኮቱን ከፈተች። አሁን የዘጋባት የለም።

«ጋሼ» አለች፣ «በሁዳዴማ ጾሙ ብቻውን ነበር የሚመጣብኝ። አሁን ጾሙና ዕድሜው ተጋግዘው ነው የመጡብኝ።»

«ዕድሜው ነው አልኩሽ እኮ!»

«አያቋርጧት» አሉ አቶ እንግዳሸት፣ የዳኝነት ወጋቸው ተቀስቅሶባቸው። የተጣመመውን እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቃሏን ትጨርስ» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እጅጌውን ማን እንዳበላሸው በቁርጥ አላውቅም፤ ነርሷም ሊሆን ይችላል ነው ያለችኝ። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሄደው ዕድሜዬ፣ ሌላው የቀረው ቁርሴ።»

«እና? ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ አሁንስ ያዝኳት ብለው ደረታቸውን እየነፉ።

«ቀላል ነው ጋሼ። ከሁለቱ አንዱን ይመልሱና እንየው፤ ከቻሉ ዕድሜዬን፣ ካልቻሉ ቁርሴን።»

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ፉሉ ከነዳቦው መጣ፤ ዕድሜው ግን እስካሁን አልተመለሰም።