ቅቤ የጠበቀው ዱባ

ጠጋ በሉ፣ የዱባ ተረት አለችኝ። የጠገበ ይስማ፣ የራበው እስክታልቅ ይታገስ።

ስንዱ የምትባል እናት ነበረች። ትርንጎ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ትርንጎን ትኩሳት ይዟት ከረመና ለቀቃት። ትኩሳቱ ለቀቃት እንጂ አፏ እህል አልቀምስ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ። ሽሮ ሲቀርብላት ፊቷን አዞረች። የዱባ ፍሬ በገል ቢቆላላት በጣቷ እየደረደረች ተጫወተችበት እንጂ አንዷንም አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ግን እናቷ ከሽሮው ጎን የምታቀርበውን ዱባ በረመጥ ስትጠብስ ሸተታትና ቀና አለች።

"እሱን እበላለሁ" አለች። "ግን የእትዬ ዘርፌ ቅቤ ይፍሰስበት።"

ስንዱ ስኒ ይዛ ሮጠች። እትዬ ዘርፌ ጎረቤቷ ናት፤ ቅቤ ጥዳ ታማስላለች።

"እትዬ፣ ለትርንጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ቅቤ!"

"ለትርንጎዬ ነፍሴንስ! ግን ኮረሪማ አልቆብኛል። ኮረሪማ ያልገባበት ቅቤ ከቤቴ ወጥቶ ስሜ ይጥፋ እንዴ? አምጪና ውሰጂ።"

ትርንጎ ያለ ቅቤ ዱባ አትበላ፣ ቅቤው ያለ ኮረሪማ ከእሳት አይወርድ። ስንዱ ወደ ሌላዋ ጎረቤቷ ወደ እማማ ድንቄ ሄደች።

"አለኝ ልጄ" አሉ እማማ ድንቄ፣ "ግን ድፍኑን አልሰጥም። ባለፈው ድፍኑን ብሰጣት ያቺ ዘርፌ ከነቅርፊቱ ዶለችው። ተወቅጦ ነው የሚሄድ። ሙቀጫው ይኸው፤ ዘነዘናውን አስካል ወስዳዋለች።"

ትርንጎ ያለ ቅቤ ዱባ አትበላ፣ ቅቤው ያለ ኮረሪማ ከእሳት አይወርድ፣ ኮረሪማው ሳይወቀጥ ከቤት አይወጣ። ስንዱ ወደ አስካል ሄደች።

የአስካል በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። አስካል ልጇን ማሙሽን ታቅፋ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች በመስኮቱ አየቻት።

"ዘነዘናውማ በሩን ደግፎልኛል፤ መወርወሪያው ተሰብሮብኝ" አለች። "ተነስቼ እንዳልከፍትልሽ ደግሞ ይሄ ጌታዬ ገና ስንቀሳቀስ ይጮኻል!"

"ምን ሆኖ ነው?"

"መጫወቻ ቆርቆሮውን ፈልጎ ነዋ! ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውስጡ የሚንሿሿውን ሽምብራ ዶሮ ለቀመችበት። ጠጠር ብጨምርለት ጭራሽ ደነገጠ።"

ትርንጎ ያለ ቅቤ ዱባ አትበላ፣ ቅቤው ያለ ኮረሪማ ከእሳት አይወርድ፣ ኮረሪማው ሳይወቀጥ ከቤት አይወጣ፣ ዘነዘናው ከበሩ አይነቀል፣ አስካል ከአልጋ አትነሳ፣ ማሙሽ ቆርቆሮው ካልተንሿሿ ዝም አይል!

ስንዱ በመስኮቱ እጇን ሰዳ ባዶውን ቆርቆሮ አነሳች፤ እሱንና ባዶ ስኒዋን ይዛ ቤቷ ተመለሰች። ዱባው እየቀዘቀዘ ነው። የትርንጎም ዓይን ይከደናል። ሳትቀምስ ከተኛች ነገ ደግሞ እምቢ ትል ይሆናል ብላ እናት ነቅነቅ አደረገቻት።

"ቅቤውስ?" አለች ትርንጎ።

ስንዱ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ኮረሪማው፣ ስለ ዘነዘናው፣ ስለ ማሙሽ፣ ስለ ዶሮዋ። ትርንጎ አሰበች። ከዚያ የደረደረችውን የዱባ ፍሬ በሁለት እጇ ሰበሰበች።

"የኔን ስጪው። ክዳኑን ግን አጥብቂለት፤ ያቺ ዶሮ ሌባ ናት።"

ፍሬው ቆርቆሮ ገባ፣ ቆርቆሮው ተንሿሿ፣ ማሙሽ ዝም አለ፣ አስካል ተነሳች፣ ዘነዘናው ከበሩ ተነቀለ፣ ኮረሪማው ተወቀጠ፣ ቅቤው ከእሳት ወረደ፣ ስኒው ሞላ፣ ዱባው ተመልሶ ፍም ዳር ሞቀ፣ ቅቤውም ሲፈስበት ጠሽ አለ!

ትርንጎ ቆረሰች፣ ጎረሰች። እትዬ ዘርፌ ማማሰያዋን እንደያዘች፣ እማማ ድንቄ በምርኩዝ፣ አስካል ማሙሽን አዝላ፣ ሁሉም በር ላይ ቆመው ያያሉ። ልጅቷ አላመጠች፣ አላመጠች፣ ዋጠች።

"ጨው አነሰው" አለች።

"ተመስገን!" አሉ እማማ ድንቄ። "ማማረር ጀመረች፤ ድናለች በሉኛ!"

ስንዱ እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ጨዉን ከማንም አልለመነችም፤ እዚያው ቤቷ ነበረ። ቆንጠር አድርጋ ነሰነሰችበት፣ ትርንጎም ሁለት ቁራጭ ደገመች።

ተረቴ አለቀች፣ ዱባውም አለቀ። ሳህኑን እናንተ እጠቡልኝ።