በወንዙ የታጠበው ሸሚዝ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከባሕር ዛፍ ክር የሚያወጣ። ልጄ፣ ከዛፍ የተሠራ ጨርቅ ለምድር ይበጃል ወይ ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ የእርሱን ነገር ልንገርሽ።

ሰውየው ባለጠጋ ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም። የናይለን ልብስ ተጥሎ ቦይ ሲደፍን፣ ከብትም እርሱን ውጦ ሲሞት አይቶ አዝኗል። ስለዚህ ከወንዙ ራስጌ ፋብሪካ አቆመ። እንጨቱን ያስፈጭና በብርቱ መድኃኒት ይዘፈዝፈዋል፤ እንጨቱም ሟሙቶ እንደ ማር ይወፍራል። ያ ማር በጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲያልፍ ክር ይሆናል። ጨርቁ ልስላሴው ሐር ያስንቃል። ገዢ ሲመጣ ቁራጩን አፈር ውስጥ ይቀብርና፣ ክረምቱ ሲያልፍ ቆፍሮ መበስበሱን ያሳያል። በዚህ አልዋሸም።

የተዘፈዘፈበት ውኃ ግን ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር።

ከፋብሪካው በታች የሰው ልብስ እያጠበች የምትተዳደር አንዲት ሴት ነበረች። ከጊዜ በኋላ ዓሣው ከወንዙ ጠፋ፤ ውኃውም እንደ ገማ እንቁላል ይሸት ጀመር። የእጇ ቆዳ መላጥ ሲጀምር ወደ ባለጠጋው ወጣች።

እርሱም በክብር ተቀበላት። ጨርቁ ከዛፍ እንደሚመጣና ወደ አፈር እንደሚመለስ፣ ከዚህ የነጻ ልብስ በአገሩ እንደማይገኝ አስረዳት። ሴትዮዋ አልተከራከረችም።

«እንግዲያው የለበሱትን ሸሚዝ ይስጡኝና በወንዙ ልጠብልዎት» አለችው።

ሸሚዙ የገዛ ፋብሪካው ሥራ ነበር። ሊያወልቅ ሲል በእጇ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ አየ፤ አፈረ። ሸሚዙን ይዞ ራሱ ወረደ። ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ በሳሙና አሸ፣ አለቀለቀ፣ ደግሞ አሸ። ሸሚዙ ወየበ፤ ሽታውም አልለቀው አለ። ውኃውም መዳፉን ያቃጥለው ጀመር። ሴትዮዋ ዳር ተቀምጣ ታየዋለች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አላት።

«ዛሬስ መድኃኒቱ ቀጥኗል» አለችው።

በማግስቱ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቦይ ዘጋ። ሠራተኞቹ አጉረመረሙ፤ ፋብሪካው ሰባት ወር ሥራ ፈቶ ቆመ። ሲከፈት መድኃኒቱ በጋን ተጠራቅሞ፣ ተጣርቶ፣ መልሶ የሚሠራ ሆነ። የሚወጣው ጨርቅ ከቀድሞው እኩሌታውን ያህል ብቻ ነበር። የሴትዮዋ እጅ ዳነ። ዓሣው ግን እስካሁን አልተመለሰም።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው የነገሩን ሁለት ጫፍ ይዘሻል፤ ከዛፍ መምጣቱንና አፈር መሆኑን። ሁለቱም እውነት ነው። ጉዳቱ ያለው በመካከል ነው። ሰውም እንዲሁ ነው፤ አነሳሱና አሟሟቱ ያማረ፣ በመካከሉ ግን ጎረቤቱን ያቃጠለ ብዙ አለ። ጨርቅ ልትገዢ ስትሄጂ ነጋዴውን፣ የተዘፈዘፈበት ውኃ ወዴት ወረደ ብለሽ ጠይቂው። አላውቅም ካለሽ፣ የምታውቅ ሴት ከታች እንዳለች አትርሺ።