«ስንት ነው» ሜዳ

ከባቡር ጣቢያው በታች፣ ክረምት ካልሆነ ውሃ በማያይ ወንዝ ዳር ያለው አሸዋማ ሜዳ «ስንት ነው» ይባላል። እዚያ ጂምናስቲክ የሚሠራ ልጅ ለመገልበጥ ከመንደርደሩ በፊት ጣቶቹን ወደ ላይ ያነሣል፤ ፊት ለፊቱ የቆመው አሠልጣኝ የጣቶቹን ቁጥር ጮክ ብሎ ካልተናገረ አንድ እርምጃ አይራመድም። እንግዳ ሰው የዝላዩን ዓይነት የሚነጋገሩበት ምልክት ይመስለዋል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ነገሩ ከመምህር ዘርጋው ጊዜ የመጣ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ መምህር ዘርጋው ስፖርት ሊያስተምሩ የመጡት ከተማው ጂምናስቲክን የሚያውቀው በወላጆች በዓል ተማሪዎች አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ወጥተው ሲቆሙ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። ፍራሽ አልነበረም። እርሳቸው አሸዋውን ከወንዙ በጆንያ ተሸክመው አመጡ፣ በወንፊት ነፉ፣ ጠጠሩን ለቀሙ፤ የመዝለያውን ፈረስ ከአሮጌ የሐዲድ እንጨት አሠርተው ቆዳ አለበሱት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ሜዳ የተገለበጠ ልጅ ሁሉ ያረፈው በክንዳቸው ላይ ነው ይባላል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይናቸው ደከመ። መጀመሪያ የሰው ፊት ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ ሰው ሁሉ ጥላ ሆነባቸው። ለማንም አልተናገሩም። በቦታቸው የሚቆም ሌላ ሰው እንደሌለ፣ እርሳቸው ከቀሩ ሜዳው እንደሚዘጋ ያውቁ ነበርና፣ በመንደርደሪያው ደረቅ መሬት ላይ የልጆቹን ኮቴ በጆሯቸው እየቆጠሩ፣ ስድስተኛው ላይ ክንዳቸውን እየዘረጉ መያዝ ጀመሩ። አንድም ልጅ አላመለጣቸውም፤ ፍርሃታቸው ግን በየቀኑ ይብስ ነበር።

አንድ ዓመት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሊያመሰግኗቸው ቀን ቆረጡ። ከተማው ነቅሎ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ካባ አለበሷቸው። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የበረታችው የልብስ ሰፊው ልጅ ረምላ፣ ለክብራቸው በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ልትገለበጥ ተዘጋጅታ ነበር።

«ዛሬ ይቅር፣ ልጄ» አሏት ጠጋ ብለው።

«ለእርስዎ እኮ ነው፣ መምህር» አለቻቸው። «እርስዎ ካሉ አልፈራም።»

እውነቱ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ግን ስማቸውን ይጠራል፤ ካባቸውን አውልቀው ቦታቸውን ያዙ። ረምላ ስትነሣ ጭብጨባው አብሮ ተነሣ። ሦስት እርምጃ ሰሙ፤ ከዚያ በኋላ የሰሙት ጭብጨባ ብቻ ነው። ስድስተኛው የቱ እንደሆነ ሳያውቁ ክንዳቸውን ዘረጉ። ልጅቷ ከእርሳቸው አንድ ክንድ ርቃ በጀርባዋ ወደቀች። ቃሬዛ እስኪመጣ በካባው ሸፈኗት።

ነፍሷ ተረፈች፤ እግሯ ግን ከዚያ ወዲህ አልታዘዛትም። ከወር በኋላ መምህሩ በሰው ተመርተው ቤቷ ሄዱ፤ ከአልጋዋ ግርጌ ተንበርክከው፣ «ልጄ፣ አላይም ነበር» አሉ።

«አውቅ ነበር» አለች ረምላ። «ስናናግርዎ ወደ ድምፃችን ነበር የሚዞሩት። ከተናገርኩ ያስወጡዎታል ብዬ ዝም አልኩ።»

ቅጣቱን ብቻቸውን ሊሸከሙ መጥተው፣ ልጅቷ ዝምታውን አብራቸው ተሸክማ እንደኖረች ሰሙ። ወደ ሜዳው አልተመለሱም፤ ዓመትም ሳይሞላ አረፉ።

በእርሳቸው ቦታ ሌላ አሠልጣኝ ሲመጣ፣ ረምላ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍታ ወርዳ፣ «መጀመሪያ ጣታችሁን አንሥታችሁ ‹ስንት ነው?› በሉት» ብላ ልጆቹን አዘዘቻቸው ይባላል። የሜዳው ስም ከዚያ ወዲህ ይኸው ሆኖ ቀረ።

አሁን የሜዳው እኩሌታ የከባድ መኪና ጋራዥ ሆኗል፤ አሸዋውን የሚነፋው የለም። የሚመጡት ልጆችም አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ነው። ሞተሮቹ ሲነሡ የአሠልጣኙ ድምፅ አይሰማም፤ ጣቷን ያነሣች ልጅ እጇ እስኪዝል ቆማ ትጠብቅና፣ ጫማዋን አንሥታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።